ክቡር «እኔ ልየው» እና ዲዳው ማይክሮፎን

ጠጋኝ ሁለት ዓይነት ነው፤ ሲጠሩት የሚመጣና ሳይጠሩት የሚመጣ። የመጀመሪያውን ሲፈልጉት አያገኙትም። ሁለተኛው ግን በየሕንፃው አንድ አይጠፋም። ለእኛ ሕንፃ የደረሱት ሰው ሁለተኛ ፎቅ፣ ልክ ከእኔ ቤት ሥር ይኖራሉ። ዕድሜ ልካቸውን የስልክ መስመር ሲጠግኑ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። ጡረታ የወጡት ታዲያ እሳቸው ናቸው እንጂ እጃቸው ገና ሥራ ላይ ነው።

ፊት ለፊት «ጋሼ» እንላቸዋለን። ዞር ሲሉ ደግሞ «ክቡር እኔ ልየው» ናቸው፤ የተበላሸ ነገር ባዩ ቁጥር፣ አንዳንዴም ያልተበላሸ ባዩ ቁጥር፣ ከአፋቸው የሚወጣው ቃል ይኸው ነዋ! «እኔ ልየው!» ይሉና ከኪሳቸው ካቻቢቴ ይመዛሉ። ለሰርግ የሚለብሱት ሱፍ ኪስ ውስጥ ሳይቀር ካቻቢቴ አለ።

አምና የአራተኛ ፎቋን ነርስ የበር ደወል ጠገኑላት። መሥራቱንስ ይሠራል፤ ብቻ የእሷ በር ሲደወል የሚጮኸው አንደኛ ፎቅ፣ የልብስ ሰፊው ቤት ነው። ሰውየው በር ከፍቶ ከፍቶ ሲታክተው «እንግዳ መጥቶልሻል» ለማለት ደረጃ መውጣት ጀመረ። አሁን ሊጋቡ ነው ይባላል። ጋሼ በዚህ አያፍሩም፤ «ዕቃ በወጉ ሲጠገን እንዲህ ነው!» ይላሉ። የእህቴ የልብስ ማጠቢያ ማሽንም እጃቸው ከነካው ወዲህ እየተራመደ ሳሎን ድረስ ይመጣል። ብትጠይቃቸው «ጉልበት ጨመርኩለት» አሏት።

ባለፈው ወር የእኔ ተራ ደረሰ።

ሥራዬ ጽሑፍ መተርጎም ነው። የአስተርጓሚነት ፈቃድ ለማግኘት ግን በዓመት አንዴ ብቻ በኢንተርኔት የሚሰጥ የቃል ፈተና አለ። አምና በፍርሃት ምላሴ ተሳስሮ ወድቄያለሁ። ዘንድሮ ለጠዋቱ አራት ሰዓት ቀጠሮ ተይዞልኝ፣ ሦስት ሰዓት ከሃያ ላይ የብሉቱዝ ማዳመጫዬን ደፍቼ ኮምፒውተሬ ፊት ተቀመጥኩ። ሙዚቃ ስከፍት ጥርት ብሎ ይሰማኛል። ማይክሮፎኑን ግን ኮምፒውተሩ «አላውቀውም» ብሎ ካደ። የኮምፒውተሩ የራሱ ማይክሮፎንማ ከሞተ ዓመት አልፎታል።

«ሀሎ! ይሰማል? ይሰማል?» እያልኩ ስጮህ በሬ ተንኳኳ።

«ይሰማል» አሉ ጋሼ። «እኔ ቤት ድረስ ይሰማል። እስቲ እኔ ልየው።»

«ጋሼ፣ ብሉቱዝ ነው እኮ! ገመድ የለውም።»

«አለው ልጄ፤ አይታይም እንጂ።»

ማዳመጫውን ራሳቸው ላይ ደፍተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው እንደ ሐኪም አዳመጡ። «ጆሮው ደህና ነው። የታመመው አፉ ነው። መስማትና መናገር ሁለት መስመር ነው፤ ይሄ ኮምፒውተር የሰሚውን ከፍቶ የተናጋሪውን ዘግቶታል።»

እውነቴን ነው፣ ነገሩ ገባኝ። የሚያስፈራው መድኃኒቱ ነበር።

«ማዳመጫውን ከኮምፒውተሩ ላይ ሰርዥው። እንደ አዲስ ይተዋወቁ።»

ሰረዝኩት። መተዋወቁ ቀርቶ ጭራሽ ተኳረፉ፤ የነበረው ሙዚቃም ጠፋ። ለአራት ሰዓት አሥራ ስምንት ደቂቃ ቀረው።

«በቃ ይተዉት ጋሼ!» አልኩ። እንባዬ መጣ። ደግሞ አንድ ዓመት ልጠብቅ ነው።

እሳቸው አልተቆጡም፤ አልደነገጡምም። ወንበር ስበው ተቀመጡና «ስልክሽ የት ነው?» አሉኝ።

አልጋው ላይ ነበር። አንስቼ ባየው፣ ማዳመጫዬ ለካ ከስልኬ ጋር ተገናኝቶ ተቀምጧል!

«አየሽ? እዚህ ሲጠሩት እዚያ ቤት ነው ያለው» አሉ። ስለ ነርሷ ደወል ግን ትንፍሽ አላሉም።

የስልኬን ብሉቱዝ አጠፋሁ። እሳቸው የማዳመጫውን ቁልፍ መብራቱ ብልጭ ድርግም እስኪል ተጭነው ያዙ፤ ኮምፒውተሩም አገኘው። የድምፅ ማስተካከያውን ስከፍት፣ በድምፅ መቀበያው ቦታ ተመርጦ የተቀመጠው ያ የሞተው ማይክሮፎን ነው።

«ሟቹን አንሺና በሕይወት ያለውን አስቀምጪ» አሉ ኮስተር ብለው። መረጥኩት። «በይ አሁን ተናገሪ።»

«ሀሎ» አልኩ።

አረንጓዴዋ የድምፅ መስመር ብድግ አለች። እኔም አብሬያት ብድግ አልኩ። ስድስት ደቂቃ ይቀር ነበር። ጋሼ አንድም ብሎን ያልፈታውን ካቻቢቴያቸውን ኪሳቸው ከተው ውልቅ አሉ።

ፈተናው ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀ። በዚያ ሁሉ ጊዜ በር ያንኳኳ፣ ደረጃ ላይ የሮጠ የለም፤ ሕንፃው እረጭ ብሏል። ጨርሼ በሬን ስከፍት ክቡርነታቸው ደረጃው ላይ ተቀምጠው፣ ሌባ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው፣ የሚወጣ የሚወርደውን ሁሉ በእግሩ ጣት ያስኬዱታል።

«ጥርት ብሎ ገባላቸው?» አሉኝ በሹክሹክታ። ስለ ፈተናው አይደለም የጠየቁኝ፤ ስለ ድምፁ ነው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ማለፌን ሰማሁ። ሮጬ ወርጄ ነገርኳቸውና «ለመሆኑ እስከ ዛሬ ስንት የብሉቱዝ ማዳመጫ ጠግነዋል?» አልኳቸው።

«የአንቺ የመጀመሪያው ነው። ከዚያ በፊት በእጄም ነክቼ አላውቅ።»

«ታዲያ ያ ሁሉ ልበ ሙሉነት ከየት መጣ?»

ካቻቢቴያቸውን ከአንዱ ኪስ ወደ ሌላው አዛወሩ።

«አንቺ ፈርተሽ ነበራ! ሁለታችንም ከፈራን ማን ሊጠግነው ነው?»

ትናንት የጠረጴዛዬ መብራት ምንም ሳይሆን ወርጄ ጠራኋቸው። ገለበጡት፣ አገላበጡት፣ አንዷን ብሎን ፈትተው መልሰው አጠበቋት። ከዚያ ቀና አሉና፣

«ደግ አደረግሽ ልጄ፤ በጊዜ ነው የጠራሽኝ» አሉ።