ለቀላል ሥራ የሚሆን ያገለገለ ገበሬ

ትናንት ሌሊት በሕልሜ በሬዎቼ ሊሸጡኝ ገበያ ወሰዱኝ። ቦራ ከፊት ገመዴን ይዟል፤ ወይኖ ከኋላ በጭራው ቸብ ቸብ እያደረገ ይነዳኛል። ነገሩ ከየት እንደመጣ አላጣሁትም። ሰሞኑን ለቀላል ሥራ የሚሆን አሮጌ ትራክተር ስመርጥ ነበር የከረምኩት፤ ጓሮዬን የሚያርስ፣ የውኃ በርሜልና ጭድ የሚጎትት፣ ከዚያ ሌላ የማይጠየቅ። አንዱን ወድጄ ቀብድ ሰጥቻለሁ፤ ቀሪውን በሬዎቼን ሸጬ ልሞላ ነው። ሚስቴ አስካለ ይህን ከሰማች ጀምሮ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ነው የምትተኛው።

ኢተያ ገበያ ስንደርስ በየችካሉ የታሰረው ገበሬ ብቻ ነው። ገዢዎቹ ትራክተሮች ናቸው። ጋቢ ደርበው፣ ከዘራ ይዘው በመካከላችን ይንጎራደዳሉ። ከትራክተሩ ጋር ያገናኘኝ ደላላ ሙዘይን እዚያም አልቀረም፤ እንደ ወትሮው ከወዲያ ወዲህ ይሯሯጣል። ዓለም ሲገለባበጥ ደላላ ብቻ ባለበት ይቀራል መሰለኝ።

ሙዘይን ቀይ ቀለሙ የተላላጠ አንድ ሽማግሌ ትራክተር ይዞ መጣ። ሽማግሌው ለቀላል ሥራ የሚሆን ያገለገለ ገበሬ እንደሚፈልግ ተናገረ፤ የሚያጥበው፣ የሚያወድሰው፣ እሁድ እሁድ ሰፈር የሚያዞረው። አዲስ ገበሬ አይፈልግም፤ የዘንድሮዎቹ ገና ሥራ ሳይነኩ ይበላሻሉ አለ።

አፌን ከፍቶ ጥርሴን አየ። አስካለ ለሠርግ የገዛችልኝን ኮት ገለጥ አደረገና ቀለም ተቀብቷል ብሎ አጉረመረመ። ከዚያ መዳፉን ግንባሬ ላይ አሳረፈ።

«ሞቋል፤ እኔ ከመምጣቴ በፊት አስነስታችሁ አሙቃችሁታል» አለ።

ቦራ አላሞቅነውም ብሎ ማለ። ሙዘይንም ጣልቃ ገብቶ፣ በብርድ ጠዋት ሚስቱ ሁለት ጊዜ ከገፋችው ተነስቶ ቀኑን ሙሉ እንደሚሠራ አስረዳ።

«ዘይት ይበላል?»

«በጾም ብቻ» አለ ሙዘይን።

ሽማግሌው በእግሬ አስሄደኝና ጉልበቴ ሲንቋቋ ሰማ። የዚህ ዘመን ሥሪት መለዋወጫ ከየት ይገኛል ሲል፣ ሙዘይን አጠገቤ የታሰረውን ጎረቤቴን ገረሱን አሳየው። ሁለቱም የአንድ ዘመን ናቸው፣ ያንንም ይግዙትና እየፈቱ ይገጥሙለታል አለ። ገረሱ ሁለቱን ጉልበቶቹን በእጁ ሸፈነ። ለዓመታት በድንበር ስንጣላ ኖረናል፣ ያን ጊዜ ግን አሳዘነኝ።

ወዲያው ገበያው የስልጠና አዳራሽ ሆነ። ትራክተሮቹ ውሎ አበላቸውን ፈርመው ተቀምጠዋል። ጎማው ጭቃ ነክቶት የማያውቅ አንድ ባለሙያ ትራክተር ስለ ገበሬ አመራረጥ ያስተምራል። ከኋላ አንዱ እጁን አውጥቶ፣ ገበሬው ሲርበውስ ምን እናድርግ ብሎ ጠየቀ። ባለሙያው ጥያቄው በሚቀጥለው በጀት ዓመት ይታያል አለ፤ ተጨበጨበለት፤ ሻይ ወጡ።

እነሱ ሻይ ሲወጡ እኔ ማሳ ላይ ነበርኩ። ሊሞክሩኝ ቀንበር አመጡ። አንገቴን አልሰጥም ብዬ ተወራጨሁ፣ ወይኖ ይዞኝ በግድ ጫኑብኝ። ጥቂት ፈር እንዳወጣሁ ሽማግሌው ይበቃል አለ፤ ወዶኛል። ሙዘይን የሽማግሌውንና የቦራን እጅ ሊያጋጭ ሲይዝ፣ ሽማግሌው እጁን መለስ አደረገ።

«አመሉን ንገረኝ።»

በእኛ አገር ከብት የሚሸጥ ሰው አመሉን አይደብቅም። ይዋጋል፣ ይራገጣል፣ ቀንበር ላይ ይተኛል ተብሎ እጅ ሳይመታ ይነገራል። ቦራ ዋሽቶ ይሽጠኝ ወይስ እውነቱን ተናግሮ ያስቀረኝ፣ የትኛውን እንደተመኘሁ አላውቅም።

«አመልስ አለው» አለ ቦራ። «ያረሰለትን ይሸጣል።»

ሽማግሌው ጋቢውን አጣፍቶ ተነሳ። ለቀላል ሥራም አይሆንም አለና ሄደ። ሙዘይን ግን ባዶ እጁን መመለስ አይወድም፤ ገመዴን ያዘና በገበያው ዳር በረንዳ ላይ ቢላ የሚስለውን የሉካንዳ ባለቤት ጠቆመ። እሱ አመል አይጠይቅም አለ።

ቦራ ገመዴን ከሙዘይን እጅ ቀማው።

«አይሆንም። ስንት ክረምት አብሮን አርሷል። ወደ ቤቱ እንመልሰዋለን።»

ደስ አለኝ፤ ከደስታዬ ግን ሐፍረቴ በለጠ። ይቅር በለኝ ልለው አፌን ስከፍት፣ አስካለ ትከሻዬን ይዛ ትንጠኝ ነበር። ነግቷል።

ሙዘይን ትራክተሩን ይዞ መጥቷል አለችኝ። ከቤታችን በታች ካለው ወንዝ ሲደርስ ግን ሞተሩ ጠፍቶ ጭቃ ውስጥ ቀርቷል፣ ብርድ ነው አልነሳ ብሏል፤ በሬዎቹን ይዞ ይምጣና ያውጡት ብሎ ልኳል። የበሬዎቹ ገዢም ከአዳማ ማልዶ ደርሶ፣ አይሱዙውን ደጃችን አቁሟል።

«ማነው ገዢው?» አልኳት፤ ሙዘይን እስካሁን አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም።

«ሉካንዳ ቤት አለው» አለች፤ አሁን ፊቷን ወደ ግድግዳ አላዞረችም። «ትራክተሩን አውጥተው እስኪመጡ እጠብቃቸዋለሁ ብሏል።»

ቀንበሩን ተሸክሜ በረት ገባሁ። ቦራ እንደ ልማዱ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ሰጠኝ።