አንድ ዓይን ያሳጣኝ ኩባንያ

በየከተማው፣ ብቻውን ቆሞ «እኛ» የሚል አንድ ሰው አይጠፋም። ቢሮ የለው፣ ሠራተኛ የለው፣ ኩባንያ ግን አለው። የወረታው ክቡር ዋና ሥራ አስኪያጅ ጋሼ አንለይ ነበሩ። «ኩባንያችን ወስኗል» ይላሉ፤ የወሰኑት ጠዋት ፊታቸውን ሲታጠቡ ነው።

ጋሼ አንለይ ጣራ ገዳም የተማሩ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነበሩ። በሃምሳ ሦስት ዓ.ም. ክረምት ወደ ጎንደር የሚያልፍ የፊልም አሳይ መኪና የፎገራ ዋልካ ጭቃ ውጦ አስቀረው። ባለመኪናው ጭነት ሲያቀል፣ በእጅ የሚዞር አሮጌ ማሳያና ፀሐይ የበላው ጥቅል ፊልም ጥሎላቸው ሄደ። በማግስቱ የፊልም ኩባንያ ተቋቋመ! ኧረ ደስታቸው! በገበያው መሀል «ወረታ ላይ ሥዕል ሊራመድ ነው!» እያሉ ሲሮጡ ያበዱ የመሰለው ሰው ብዙ ነበር።

አሠራሩ ጉድ ነው። የፊልሙን አሮጌ ምስል በምላጭ ይፍቃሉ፤ ከዚያ ጥፍር በምታህል የፊልም መስኮት ላይ በድመት ጠጉር ብሩሽ ሰው ይሥላሉ። በሚቀጥለው መስኮት ያው ሰው እግሩን ትንሽ ያነሣል። እንዲህ እያሉ ሁለት ዓመት! ባለሱቋ ሀጂራ «ጋሼ፣ ዓይንዎ ይጠፋል እኮ» ስትላቸው፣ «ኩባንያችን መለዋወጫ አለው» ይሏታል።

የፊልሙ ጀግና በፎገራ በሬ የሚያርስ ገበሬ ነው። ገበሬው እኔ ደሞዝ ነኝ፤ ቁርጥ እኔን!

ያን ጊዜ የመሪጌታ ተክለ ሃይማኖትን ልጅ ይታይሽን አጭቼ፣ ሠርጋችን ለጥር ተቆርጦ ነበር። ፊልሙ ኅዳር ላይ፣ አመሻሹን በገበያው ሜዳ፣ በሀጂራ አቡጀዲ ላይ በማሾ መብራት ታየ። በሬዎቹ ሲራመዱ ሕዝቡ እልል አለ። ከኋላቸው እኔ ብቅ አልሁ! ስራመድ! ልቤ ልትወጣ ደረሰች።

እልልታው ቀጥ አለ። ለካ ጋሼ አንለይ በጎን ሥለውኝ ኖሯል፤ አንድ ዓይን ብቻ! በእኛ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ በሁለት ዓይኑ ይሣላል፤ ባንድ ዓይን የሚሣሉት ይሁዳና ሰይጣን ናቸው።

«እግዚኦ! ደሞዝ ምን ሠርቶ ነው?» አለች አንዷ።

መሪጌታ ብድግ አሉ። «አንለይ የገዳም ሠዓሊ ነው፤ ሳያውቅ አይሥልም። ልጄን ለዚህ አልሰጥም!» ይታይሽን ይዘው ሲሄዱ፣ እሷ ዞር ዞር እያለች ትመለከተኝ ነበር። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ።

በማግስቱ ልጣላቸው ሄድሁ። «ጋሼ፣ ገደሉኝ እኮ!»

«ወደ ጎን የሚሄድ ሰው ፊቱን ወደ ተመልካች ካዞረ የሚጎተት ነው የሚመስል» አሉ። «ይህንን ያገኘሁት ሁለት ዓመት ለፍቼ ነው።» እንዲህ ብለው ግን ምላጩን አንሥተው ጭንቅላቴን ከየመስኮቱ ይፍቁ ጀመር።

የገና ሰሞን ፊልሙ እንደገና ታየ። እግሬ ወደ ጎን፣ ወደ ሐሙሲት መንገድ፣ ፊቴ ወደ ሕዝቡ፣ ሁለት ዓይኔ ፍጥጥ ብሎ መጣሁ። እንዳሉትም ቁርጥ የሚጎተት ሰው! ሕዝቡ ግን በደስታ አበደ። መሪጌታ «እሰይ! አሁን ሰው ሆነ!» ብለው ሲያጨበጭቡ፣ ይታይሽ እልልታዋን አቀለጠችው።

በመጨረሻ፣ ከአቡጀዲው ጥግ አንድ ትንሽ ሰው ብሩሽ ይዞ ተከትሎኝ ገባ። ባንድ ዓይን! ክቡር ሥራ አስኪያጁ ራሳቸው! ጥፋቱ የማን እንደሆነ አገር ይወቀው ብለው፣ ራሳቸውን ከነይሁዳ ጋር አሰለፉ። ሕዝቡ በሳቅ ሲፈርስ እኔ አለቀስሁ። እንዴት ያሉ ሰው ነበሩ!

ይታይሽን አገባሁ። ዛሬም ቤተ ክርስቲያን ገብቼ ባለ አንድ ዓይን ሥዕል ሳይ፣ ጋሼ ትዝ ብለውኝ እንደ ሞኝ ልሳለመው እጠጋለሁ፤ ይታይሽ ክንዴን ባትይዘኝ ኖሮ፣ እስካሁን ስንቱን ይሁዳ በሳምሁ!