የኦቦ ደቻሳ የእጅ ጾም

ጾም የሚከብደው ለሆድ ነው ያላችሁ ማነው? የቡራዩውን ኦቦ ደቻሳን ብታውቁ ኖሮ ለእጅ እንደሚብስ ትረዱ ነበር።

ኦቦ ደቻሳ የቤተ ክርስቲያናችን የበጎ ፈቃድ ከበሮ መቺ ነበሩ። ሰርግ ካለም የክርስቲያን የሙስሊም ሳይሉ የራሳቸውን ከበሮ አንግተው ከተፍ ነው። በሁዳዴ ግን ከበሮ አይመታም። ታዲያ እጃቸው ምን ይሁን?

አንድ ሁዳዴ ጎረቤታችን ሐጂ ከድር ልጃቸውን ዳሩ።

«አካም ኦቦ ደቻሳ! ያለ እርስዎ ምን ሰርግ አለ?»

«ሐጂ፣ ሁዳዴ ነው፤ እጄ ታስሯል።»

«እንግዲያው ቁጭ ብለው ይመርቁልን።»

መጡ። እጃቸውን ጋቢ ውስጥ ቀብረው ተቀመጡ። ልጃገረዶቹ ጄሪካን እየደበደቡ ምቱን ሲያበላሹት የኦቦ ደቻሳ ፊት ጥርሱን እንደሚነቀል ሰው ተጨማደደ። በመጨረሻ አልቻሉም፤ «ዱም፣ ዱም፣ ታ!» እያሉ ሙሽራዋ እየሳቀች እስክትወጣ ድረስ በአፋቸው መቱላት። ዋነኛው ጿሚ አፍ መሆኑ ትዝም አላላቸው!

ዛሬ እሳቸው የሉም። የሰፈሩ ሰርግ ሁሉ ግድግዳ በሚያነቃንቅ ስፒከር ሆኗል። ፋሲካ በየዓመቱ ይመጣል፤ እኛ ግን ከኦቦ ደቻሳ ወዲህ ሁዳዴን አልፈታንም።