በእጅ ብልጫ የጸደቀው ካርቦን

አገራችን ኮሚቴ የማታቋቁምለት ነገር የላትም። ለሠርግ ኮሚቴ፣ ለለቅሶ ኮሚቴ፣ ለጠፋ ቁልፍ ኮሚቴ። ለካርቦን ኮሚቴ ይቀመጣል ብሎ ግን ማን ገምቶ! ተቀመጠላችሁ፤ እዚሁ አሶሳ፣ እኔ ኬሚስትሪ በማስተምርበት ትምህርት ቤት።

ነገሩ እንዲህ ነው። በፈተና አንደኛ ለሚወጣ ተማሪ በአንድ አዳሪ ትምህርት ቤት ቦታ ተገኘ። ሐዋ የምትባል ተማሪዬ ለጥቂት ተበልጣ ሁለተኛ ወጣች። ጉዱ ያለው ሥዕሉን አይታችሁ አምስት ካርቦን ያለውን ውህድ ስም ጻፉ በምትለው ጥያቄ ላይ ነው። ሐዋ «ቱ-ሜታይልቡቴን» አለች፤ ቡቴን ባለ አራት ካርቦን ሰንሰለት ነውና ልክ ናት። የመልሱ ቁልፍ ግን «ቱ-ኢታይልፕሮፔን» ይላል፤ ፕሮፔን ባለ ሦስት ነው፤ ሥዕሉ ላይ ቀጥ ብለው የተሰለፉት ሦስት ካርቦኖች ናቸዋ! ስም የሚወጣው በረጅሙ ሰንሰለት መሆኑን፣ ሰንሰለቱ ቢጠማዘዝም እንደሚቆጠር ማን ያስታውስ? አንደኛ የወጣው ልጅም እንደ ቁልፉ ተሳስቶ ነጥቡን ወስዷል። ነጥቡ ከእሱ ተነሥቶ ለሐዋ ቢሰጥ አንደኛዋ እሷ ነበረች።

ሐዋ አቤት አለች። ቅሬታ ሰሚው ማን መሰላችሁ? ያው ፈተናውን ያወጣው ኮሚቴ፣ ወንበር ተለዋውጦ! ጸሐፊው ሰብሳቢ፣ ሰብሳቢው ጸሐፊ ሆኗል። አተሞቹ እነዚያው ሆነው አቀማመጣቸው ብቻ ሲለወጥ በእኛ ሙያ ኢሶመር እንላለን። ኢሶመር እንኳ ቦታውን ሲለውጥ ጠባዩንም ይለውጣል፤ እነዚህ ምን በወጣቸው።

እንዳስረዳ ተጠራሁ። ከግቢው አምስት ጥሬ ማንጎ ለቅሜ በቀርከሃ ስንጥር ሰካካሁና ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። ጫፉን ይዤ ሳቃናው አራቱ በአንድ መስመር ተሰለፉ፤ አንዱ በጎን ቀረ። ሕፃን ይቆጥረዋል። ሰብሳቢው አየት አደረገና፣

«መምህር፣ ይህ የእርስዎ አመለካከት ነው። ለድምፅ እናቅርበው» አለ።

ፍየል ወዲህ፣ ቅዝምዝም ወዲያ! ማንጎው ፊታቸው ተቀምጦ እጅ ሲያወጡ እኔ አፈርኩላቸው። ማንም ቅር እንዳይለው ሁለቱም መልስ ልክ ይሁን ተብሎ ጸደቀ። ሐዋ ነጥቧን አገኘች፤ ልጁም የያዘውን አልተነጠቀም። ተጠጋችው እንጂ አልደረሰችበትም።

ሰብሳቢው ሐዋን አስጠርቶ፣ «ደስ ይበልሽ፤ ኮሚቴው መልስሽ ልክ እንዲሆን ወስኗል» አላት።

«ወላሂ ቲቸር፣» አለችው፣ «ኮሚቴ ሳይሰበሰብስ ምን ነበረ?»

ሐዋ እዚሁ ቀረች፤ ልጁ ወደ አዳሪ ትምህርት ቤቱ ሄደ። ካርቦን በእጅ ብልጫ እንደማይቆጠር እዚያ ሲነግሩት ግን የሚሰበሰብለት ኮሚቴ አያገኝም።