በሦስት ተሳቢ የተጫነ መጽሐፍ

ሰው ስለራሱ የተጻፈ መጽሐፍ ሚዛናዊ መሆን አለመሆኑን የሚያውቅበት ቀላል ዘዴ አለው፤ ካሞገሰው ሚዛናዊ ነው፣ ከነቀፈው ደራሲው የተገዛ ነው። ይሄንን ሁላችንም እናውቃለን፤ አያስገርምም። እኔን እጄን አፌ ላይ አስጭኖ ያስቀረኝ የደጋፊ ነገር ነው። ደጋፊ ስሙ የትም ገጽ ላይ አልተነሣም፤ ቢነቀፍም ቢሞገስም የሚደርሰው ነገር የለም። ቢሆንም ከባለጉዳዩ በፊት ይቆስላል፣ ከባለጉዳዩ በኋላም አይሽርለትም። እርስዎም በአንድ ዘፋኝ ወይም በአንድ የእግር ኳስ ቡድን የተነሣ ከአማችዎ ጋር ተኳርፈው ያውቁ ይሆናል። እንግዲያው ያንን ትንሽ ኩርፊያዎን ይያዙና ጅቡቲ ይምጡ። የካምሲን ባንድን ደጋፊዎች ሲያዩ ከአማችዎ ጋር በዚያው ዕለት ይታረቃሉ።

ካምሲን ከበረሃው ተነሥቶ ይቺን ከተማ እንደ ዳቦ መጋገሪያ የሚያግላት ነፋስ ነው። በአሮጌው ባቡር ዘመን የባቡር ሠራተኞች ልጆች ተሰባሰቡና በዚህ ነፋስ ስም ባንድ አቋቋሙ፤ ሮክ ይጫወቱ ነበር። በዚህ ሙቀት ሮክ! ዛሬ በሕይወት ያሉት ሁለት ናቸው፤ እዚሁ ጅቡቲ አርሂባ ሰፈር የሚኖሩት ጊታሪስቱ ጋሽ ሰይፉና ድሬዳዋ የሚኖሩት ድራም መቺው ጋሽ ታደለ። ባንዱ ስቱዲዮ ሳይገባ ስለፈረሰ የቀረው አንድ ሰው ክበብ ውስጥ በቴፕ የቀዳው ካሴት ብቻ ነው። ያ ካሴት ወደ ፍላሽ ተገልብጦ፣ ከጅቡቲ እስከ ሞጆ በሚመላለሱት ከባድ መኪናዎች ውስጥ እስከ ዛሬ ይጮኻል። በአንደኛው ዘፈን መሐል ከተመልካቹ አንዱ ይስላል። ሾፌሮቹ እዚያ ቦታ ሲደርሱ መሪያቸውን እንደያዙ አብረው ይስላሉ። ይሄን በዓይኔ ካየሁ ጀምሮ በትሕትና ነው የምኖረው።

እንግዲህ አንድ ወጣት ደራሲ የባንዱን ታሪክ ጽፎ አዲስ አበባ አሳተመ። ጅቡቲ የገባው አንድ ቅጂ ብቻ ነበር፤ ያመጣው ንጉሤ ነው። ንጉሤ ጋቢናው ውስጥ ከእመቤታችን ሥዕል ጎን የጋሽ ሰይፉን ፎቶ የሰቀለ ሾፌር ነው። ሁሉም ቀድሜ ላንብብ አለ። መፍትሔውን ያገኘነው ከሥራችን ነው። በእኛ ሥራ አንድ መርከብ ያራገፈውን አንድ መኪና አይጭነውም፤ ጭነቱ ተከፋፍሎ በየተሳቢው ይወጣና መድረሻው ላይ ይሰበሰባል። ትራንዚተር ስለሆንኩ ጭነት መክፈል ያውቅበታል ተባልኩና ምላጭ ተሰጠኝ። መጽሐፉን በክብር አራት ቦታ ከፈልኩት። ሦስቱን ሾፌሮች ይዘው ወጡ፤ አንዱ ክፍል ካርቲዬ ሁለት በሚባለው ሰፈር ምግብ ቤት ያላቸው እትዬ አልማዝ ዘንድ ቀረ። እትዬ አልማዝ እዚሁ የተወለዱ የባቡር ሠራተኛ ልጅ ናቸው፤ ካምሲን ሲጫወት ከፊት ሆነው ይጨፍሩ ነበር።

ከዚያ በኋላ የተነሣውን ክርክር ምን ልበልዎ። ስለ ልጅነታቸው የሚያወራው ክፍል የደረሰው ሾፌር ደራሲው እንደ እናት ነው የጻፈው አለ። መጨረሻው የደረሰው ደግሞ ከአዋሽ ደውሎ፣ በቁማቸው ቀብሯቸዋል ሲል አለቀሰ። እትዬ አልማዝ ስለ ጭፈራው የሚያወራውን አንብበው ደራሲውን አንድ ቀን ሙሉ ሲመርቁ ዋሉ። በማግሥቱ አንዲት ቢጫ ቀሚስ የለበሰች ልጅ የምትል ቃል አገኙ፤ ቀሚሴ ብርቱካናማ ነበር፣ ይሄ ሰውዬ ውሸታም ነው አሉ። አራቱም መጽሐፉን አንብበው ተከራከሩ፤ አንዳቸውም መጽሐፉን አላነበቡትም። እኔ ምንም ሳላነብ መሐል ላይ ተቀምጬ ሁሉንም ልክ ናችሁ እል ነበር፤ ልክም ነበሩ።

የባንዱ መፍረስ የደረሰው ለንጉሤ ነው። ከሞጆ ሲመለስ ፊቱ ጠቁሮ ነበር።

ችግሩ ምን መሰለዎት፤ ጋሽ ሰይፉ መጽሐፉ እንዲነበብላቸው ጠይቀዋል። ዓይናቸው ላይ ሞራ ስለወጣ ማንበብ አይችሉም። የፈለጉትም ሙገሳ አይደለም። ባንዱ ዘፈን ለማስቀረጽ ወደ ድሬዳዋ ሊሄድ በተነሣበት ቀን እሳቸው ባቡር ጣቢያው ላይ ቀሩ፣ ታደለ ሄደ፤ ከዚያ ወዲህ ሁለቱ አልተነጋገሩም። ጋሽ ሰይፉ ያሉን ቃል በቃል እንዲህ ነው፤ “ጥሎኝ ሄዶ ነው ወይስ እኔ አኩርፌ ቀርቼ፣ እኔም እንጃ። አንዳንዴ እንዲያ፣ አንዳንዴ እንዲህ ይመስለኛል። ደራሲው ሁሉንም ጠይቋል። ጥፋቱ የኔ ነው ካለ ድሬዳዋ ሄጄ ታደለን ይቅርታ እለዋለሁ። የሱ ነው ካለ ደግሞ እሱ ይምጣ።”

መጽሐፉ ያለውን ንጉሤ ነገረን። ባቡሩ እንዲጠብቅ ተደርጎ ነበር። ታደለ ወርዶ ለምኗል። ሰይፉ ግን ማስታወቂያው ላይ የታደለ ስም ቀድሞ ተጻፈ ብሎ ጊታሩን እንዳቀፈ አግዳሚ ወንበር ላይ ቀረ። ከዚያም ደራሲው አንድ መስመር ጨምሯል፤ ካምሲንን ያፈረሰው የሰይፉ ኩራት ነው።

የእትዬ አልማዝ ምግብ ቤት በቁጣ ተሞላ። ሾፌሮቹን ያስቆጣቸው ኩራቱ አይደለም። እንደ ጋሽ ሰይፉ ያለ ሰው ድራም መቺ ደጅ ሄዶ ሊያጎነብስ መሆኑ ነው።

“የተጻፈውን አንብቡላቸው” አሉ እትዬ አልማዝ። “እናንተ ማን ናችሁና ነው?”

“እርስዎ ድሮም ለታደለ ነው የሚያደሉት፣ እትዬ” አለ ንጉሤ።

“ለታደለማ ማን ያላደላ አለ። ሰይፉ እኮ ሲጫወት ጀርባውን ነበር የሚሰጠን።”

“ጀርባቸውም ይበቃል።”

ይሄን የመሰለ ፍቅር አይቼ አላውቅም፤ ተነሥቼ ልቆም ምንም አልቀረኝ። የተወሰነው ንጉሤ እንዲያነብና ያቺን አንዲት ስም ብቻ እንዲለውጥ ነው። ሰይፉ በሚለው ፋንታ ታደለ። የቀረው ሁሉ ሳይነካ በታማኝነት ይነበባል።

ዓርብ ከሰዓት፣ ጫቱ ከተማው ውስጥ ገብቶ ጎዳናው ጭር ሲል፣ ጋሽ ሰይፉ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሰው መጡ። ትንሽ ሻንጣ ይዘዋል። መጽሐፉም ከየተሳቢው ተሰበሰበ፤ መጨረሻውን የያዘው መኪና ብቻ ጋላፊ ድንበር ላይ ሰልፍ ይዞ ቀርቷል። ንጉሤ ማንበብ ጀመረ። እንዲህ ያለ አንባቢ መሆኑን አናውቅም ነበር። ባቡር ጣቢያው ጋ ሲደርስ አግዳሚ ወንበሩንም ልመናውንም ባጭሩ አለፈውና ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ካምሲንን ያፈረሰው የታደለ ኩራት ነው አለ።

ደስ ይላቸዋል ብለን ጠበቅን።

“የታደለ ነው የሚለው?” አሉ።

“አዎ ጋሼ።”

“እኔ የኔ ይሆናል ብዬ ነበር።” ድምፃቸው ዕቃ የጠፋበት ሰው ድምፅ ነው። ከሸሚዛቸው ኪስ የነገውን የድሬዳዋ ባቡር ቲኬት አወጡና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። “የኔ ቢሆን መሄጃ ነበረኝ። እንግዲህ እሱን ልጠብቅ።”

እዚህ ላይ ያየሁትን ለልጅ ልጆቼ እነግራለሁ። ንጉሤ መጽሐፉን ዘጋና ደራሲው ለታደለ ሚዛናዊ አይደለም አለ። ታደለም እኮ ሰው ነው አለ። ሌላው ሾፌር፣ ያለ ድራም ሮክ የሚባል ነገር የለም ብሎ ደገፈው። ትናንት የታደለ ስም ሲነሣ ፊታቸውን ያዞሩ ሰዎች እሱን እንደ ታናሽ ወንድማቸው ተሟገቱለት፤ የተሟገቱት ደግሞ ራሳቸው ከለወጡት አንድ ቃል ጋር ነው። እትዬ አልማዝ እንኳን ዝም ብለው ያዳምጡ ነበር፤ ይሄም ታይቶ አይታወቅም።

ጋሽ ሰይፉ ሙግቱ እስኪያልቅ ጠበቁ።

“ንጉሤ፣ ጥሩ ታነባለህ” አሉ። “ስሙ ጋ ስትደርስ ግን ምት ስተሃል።”

ቲኬቱን ከጠረጴዛው ላይ በእጃቸው ዳብሰው አነሡና ኪሳቸው ውስጥ መለሱት። መጽሐፉን ስጡኝ አሉ። ያሉትን ሦስት ክፍሎች በጭነት ሲባጎ አስሬ ሰጠኋቸው። መጨረሻው ጋላፊ ነው፣ ይጠብቁ ብንላቸው፣ እሱ በኋላ ይድረሰኝ፣ እኔ ዘግይቻለሁ አሉ።

በማግሥቱ ናጋድ ጣቢያ ድረስ ሸኘናቸው። ንጉሤ ሻንጣቸውን ይዞ እስከ ፉርጎው በር ለመናቸው።

“ጋሼ፣ እንደተጻፈው አድርጌ ልድገምልዎ። አንድ ቃል አልነካም።”

“ተወው ልጄ። ታደለ ቤት የልጅ ልጅ አለች አሉ፤ እሷ ታነብልናለች፤ ሁለታችንም እንሰማዋለን” አሉ ደረጃውን በእግራቸው እየፈለጉ። “እሷ እንዳንተ አትወደኝም።”

ባቡሩ ተንቀሳቀሰ። ንጉሤ እጁን ማውለብለብ አልሆንልህ ቢለው ካሴቱ ላይ እንዳለው ሰው ሳለ። እኛም አብረን ሳልን።