ክቡር አማካሪውና ባለ ሁለት ዓይኑ ካሜራ

አቶ ወርቅአገኘሁ፣ መምህር ይሁኔ ወልደጻድቅ ሊገዛው የነበረውን ካሜራ «ይቅርብህ» ብለው አስተዉትና ራሳቸው ገዙት። በደሉ ይኸው ነው፤ የሚጨመርበትም የሚቀነስለትም የለም።

እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ከተማ ገና አልተቆረቆረም። ሰው በሬ ሊገዛ፣ ቤት ሊከራይ ሲያስብ ሄዶ የሚያማክረው፣ ጉድለት ፈልጎ የማይደክም፣ ምክሩን በነጻ የሚለግስ፣ ተመካሪው እጁን ሲሰበስብ ግን የራሱን እጅ የሚዘረጋ ሰው። በደብረ ብርሃን ይህ ሹመት የክቡር አቶ ወርቅአገኘሁ ነበር። የመንግሥት ሥራቸው ይሁኔ በሚያስተምርበት ትምህርት ቤት ዕቃ ግምጃ ቤት መጠበቅ ነው።

«እኔ ለአንተው ብዬ ነው» ይላሉ፣ ምክራቸውን ሲዘጉ። የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ በሰለች መንገድ ዳር ያለውን ቤት ልትከራይ ስትል «የመኪናው ጩኸት እንቅልፍ ይነሣሻል፤ እኔ ለአንቺው ብዬ ነው» አሏት። ዛሬ በዚያ ቤት እርሳቸው ደኅና እንቅልፍ ይተኛሉ። የሥራ ባልደረባቸው ብርሃነ መስቀል ለፋሲካ ከመዘዞ ገበያ የመጣ በግ ዋጋ ጀምሮ ነበር። «አረማመዱ አላማረኝም» ተባለ። የበጉ አጎዛ አሁን በአቶ ወርቅአገኘሁ ሳሎን ተነጥፏል፤ ብርሃነ መስቀል ሊጠይቃቸው ሲሄድ የሚያስቀምጡትም እርሱው ላይ ነው።

ይሁኔ ይህን ሁሉ ያውቅ ነበር። ሆኖም በዚያ አገር ሰው ሳያማክር የገዛ እንደ ትዕቢተኛ ይቆጠራል። ደግሞም፣ ለመናገር ቢያስመርርም፣ ስለ ዕቃ ከእርሳቸው የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም።

ካሜራው ከአልዩ አምባ መጥቶ በከተማው በሚነግደው በዘይኑልአቢዲን ሱቅ መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ፣ ባለ ሁለት ዓይን፣ ደረት ላይ ይዘው ከላይ ጎንበስ ብለው የሚያዩበት፣ የጀርመን ሥሪት፣ በዕድሜ ይሁኔን የሚበልጥ ነበር። አዳዲሶቹ ትንንሽ ካሜራዎች ለመያዝ ይቀላሉ፤ የዚህ አሮጌ ፊልም ግን ሰፊ በመሆኑ ፎቶግራፉን የቱንም ያህል ቢያጎሉት አይደበዝዝም። ዘይኑልአቢዲን ባሳየው የአህያ ገበያ ፎቶግራፍ ላይ የጭነቱ ገመድ ክር በክር ይለያል። ይሁኔ የፈለገው ለአንድ ፊት ነበር። አንኮበር ያሉት አባቱ በዕድሜያቸው አንዴ ብቻ፣ ከማኅበርተኞቻቸው መካከል ቆመው ተነሥተዋል፤ በዚያ ፎቶግራፍ ላይ ፊታቸው የምስር ፍሬ ታህላለች፤ ሲያጎሏት ጉም ትሆናለች። ሽማግሌው ደክመዋል። ይሁኔ ሞት ሳይቀድመው ያንን ፊት ከነሽብሽቡ ሊያስቀረው አስቧል።

ይሁኔ ዋጋ ጀምሮ፣ ለማሳየት ከሱቁ ተውሶ ያመጣውን ካሜራ ክቡር አማካሪ ገለባብጠው አዩት፤ ከዚያም አሸተቱት።

«ሌንሱን ሻጋታ ጀምሮታል።»

«የቱ ጋ ነው ጋሽ ወርቅአገኘሁ? ለእኔ አይታየኝም።»

«ለአንተማ እንዴት ይታይህ፤ ወደኸዋላ። ፊልሙንስ ከየት ታመጣለህ? አዲስ አበባም ጠፍቷል። ደግሞ በዚህ የአብዮት ጊዜ ይህን የሚያህል ነገር አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ሰው፣ ምን ልታነሣ ነው፣ ማን ላከህ መባሉ አይቀርም። ቀበሌ ቢይዝህ ሽማግሌውን ማን ይጦራል? እኔ ለአንተው ብዬ ነው።»

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ምክር ይባል ነበር። ነገር ግን ዘይኑልአቢዲን አንዱ የጀመረውን ገበያ፣ ጀማሪው በገዛ አንደበቱ «ትቼዋለሁ» እስኪል ለሌላ አይሸጥም፤ ሐራም ነው ይላል። የአካባቢው ክርስቲያንም ይህንኑ ያከብራል። አቶ ወርቅአገኘሁ ይህን አሳምረው ያውቃሉ። «የሰው ዕቃ አንጠልጥሎ ማቆየት ነውር ነው፤ ሄደን ልቀቅለት» ብለው የይሁኔን ክንድ ይዘው ወደ ሱቁ ወሰዱት።

«ከልብህ ነው መምህር?» አለ ነጋዴው። «ኋላ ቅር እንዳይልህ።»

ይሁኔ አማካሪውን አየ። አማካሪው የሱቁን ጣሪያ ያያሉ።

«ትቼዋለሁ።»

«እንግዲህ አላህ በተሻለ ይካስህ።»

ሳምንት ሳይሞላ ካሜራው በአቶ ወርቅአገኘሁ ደረት ላይ ተንጠልጥሎ ታየ። ሻጋታው ድኗል፤ ፊልሙ ተገኝቷል። ቀበሌም ቢሆን የጠራቸው የሊቀመንበሩን ጉርድ ፎቶግራፍ እንዲያነሡ ነው።

«ምነው ጋሽ ወርቅአገኘሁ?» አላቸው ይሁኔ።

«ወድጄ መሰለህ? ባዕድ እጅ ከሚገባ ብዬ ነው። እኔ ዘንድ ሆነ ማለት አንተ ዘንድ ሆነ ማለት አይደለም?»

ይሁኔ ቀናባቸው። እርሳቸው ወደ ካሜራው ጎንበስ ባሉ ቁጥር የእርሱ አንገት ያመው ጀመር።

የባሰው ከዚያ በኋላ መጣ። ክረምቱ እንደወጣ ክቡርነታቸው ማንም ሳይልካቸው በጭነት መኪና አንኮበር ወረዱ። ሽማግሌውን ደጃፋቸው ላይ አስቀምጠው፣ የተራራው ጉም እስኪገለጥ ሲያጫውቷቸው ዋሉ። ፎቶግራፉን አምጥተው ለይሁኔ ሰጡት። አባቱ እየሳቁ ነው፤ ልጃቸው እንዲያ ሲስቁ አይቶ አያውቅም። ሽብሽቡ አንድ በአንድ፣ የጋቢው ክር ሳይቀር ይታያል። በዓይናቸው ብሌን ውስጥ ደግሞ፣ ልብ ብሎ ላየው፣ ወደ ካሜራ ጎንበስ ያለ አንድ ሰው አለ። ያ ሰው ይሁኔ አይደለም።

አባቱን ሊጠይቅ በወረደ ጊዜ «ካሜራ አግኝተህ ተውከው አሉ» አሉት ሽማግሌው። «ያ ደግ ሰው ባይኖር መልኬን አፈር ይዞት ይገባ ነበር። መርቄዋለሁ።»

በእርግጥም ይሁኔ «ትቼዋለሁ» ብሏል።

አባቱ ለጥምቀት አልደረሱም። በሐዘኑ ቀን ፎቶግራፉን አቅፈው ከለቀስተኛው ፊት የቆሙት አቶ ወርቅአገኘሁ ናቸው፤ ከዘመድ ሁሉ በላይ ያለቀሱትም እርሳቸው።

በቅርቡ ይሁኔ ሬዲዮ ሊገዛ አሰበ። አባቱን እንዲያ ያሳቀ ሌላ ሰው የለምና ሌላ አማካሪ አልፈለገም። ክቡርነታቸው ሬዲዮውን ገለባብጠው አዩት፤ አሸተቱት። ያንን ማሽተታቸውን ናፍቆ እንደነበር ይሁኔ የገባው ያን ጊዜ ነው።

«ድምፁ አላማረኝም» አሉ። «እኔ ለአንተው ብዬ ነው።»

ካሜራው እስከ ዛሬ እርሳቸው ዘንድ ነው። ይቅርታ አልጠየቁም። ሬዲዮውም ዛሬ የሚሰማው ከእርሳቸው ቤት ነው።