ሳሎኑ በር ላይ የታሰረው ገመድ

ሳሎን የሚሠራው ማንም እንዳይቀመጥበት ነው ብለው የሚያምኑ ሰዎች አጋጥመዋችሁ አያውቁም? እኔ እትዬ አልማዝን አውቃለሁ። እዚህ አሜሪካ፣ ኢንግልዉድ በሚገኘው ቤታቸው ያለው ሶፋ ፕላስቲኩ እስካሁን አልተነሣም። መቀመጥ በሕግ የተከለከለ አይደለም፤ ግን እስቲ ሞክሩት።

ባለፈው መሀል ከተማው ዳውንታውን አጠገብ ሙዚየም የሆነ፣ ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ የቪክቶሪያ ዘመን ቤት ላሳያቸው ይዣቸው ሄድኩ። ሾጣጣው ማማ፣ ጥርብ የእንጨት በረንዳው፣ ባለቀለሙ መስኮት፣ አንዱም አልገረማቸውም። አስጎብኚዋ ግን ቀይ ገመድ የተወጠረበት በር ላይ ቆማ፣ «ይህ ሳሎን ለእንግዳ ብቻ ነበር፤ ቤተሰቡ ዝም ብሎ አይገባበትም» ስትል እጄን ጨበጥ አደረጉኝ።

«አየህ? የሠለጠነ ሰው እንዲህ ነው!»

በሳምንቱ ቤታቸው ስሄድ ሳሎኑ በር ላይ ቀይ ገመድ ታስሯል። ባለቤታቸው ጋሼ ተፈራ ኮሪደሩ ላይ ወንበር ስበው፣ በገመዱ ላይ አንገታቸውን አስግገው በሳሎኑ ቴሌቪዥን ኳስ ያያሉ። እኔ መቼም እንግዳ ነኝ ብዬ ልሻገር እግሬን አነሣሁ።

«ወዴት ነው? አንተማ ቤተኛ ነህ!» አሉኝ እትዬ አልማዝ፣ በፍቅር ወደ ኩሽና እየመሩኝ።

ጋሼ ተፈራ ዓይናቸውን ከኳሱ ሳይነቅሉ፣ «አትልፋ ልጄ» አሉ። «እኔም እዚያ ሶፋ ላይ የምቀመጠው ከተፋታን ነው።»